የካሜራ ድሮን በደጋ አየር ምን ያህል ጭነት ይሸከማል? በፋንተም 4 ፕሮ ላይ የተመሠረተ ስሌታዊ ምልከታ

አሕጽሮተ ጥናት

ለፎቶግራፍና ለቪዲዮ ተሠርተው ለገበያ የሚቀርቡ አነስተኛ ድሮኖች በምርምር ሥራ ላይ ተጨማሪ መሣሪያ እንዲሸከሙ የሚደረግበት ጊዜ አለ። የአብዛኞቹ ዝርዝር መግለጫ ግን የድሮኑን ክብደት እንጂ የተጨማሪ ጭነቱን ልክ አይናገርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዲጄአይ ፋንተም 4 ፕሮ የተባለውን ድሮን በምሳሌነት በመውሰድ የጭነት አቅሙ በአየር እፍግታ፣ በባትሪና በጭነቱ አቀማመጥ እንዴት እንደሚወሰን ማሳየት ነው። ስሌቱ እንደሚያመለክተው የአየሩ እፍግታ በ26 በመቶ ገደማ በሚቀንስበት የአዲስ አበባ ከፍታ፣ በባሕር ጠለል 460 ግራም ገደማ የነበረው የጭነት አቅም ቢበዛ ወደ 290 ግራም ይወርዳል፤ በጥንቃቄ ሲታሰብ ደግሞ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ከዚህም በመነሣት በደጋማ የመስክ ሥራ ላይ ሊከተሉት የሚገባ ቀላል የፍተሻ ሥርዓት ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ ድሮን፣ ተጨማሪ ጭነት፣ የማንሳት ኃይል፣ የአየር እፍግታ፣ ደጋ

1. መግቢያ

በግብርና፣ በአካባቢ ሳይንስ፣ በቅርስ ጥበቃና በመልክዓ ምድር ጥናት ዘርፎች ድሮን የተለመደ የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ ሆኗል። ለዚሁ ተግባር የተሠሩ ትልልቅ ድሮኖች ዋጋቸው ከአንድ የማስተርስ ጥናት በጀት አቅም በላይ ስለሚሆን፣ ተመራማሪዎች በእጃቸው በሚገኘው የካሜራ ድሮን ላይ ተጨማሪ መለኪያ ማሰርን እንደ አማራጭ ይወስዱታል። በዚህ ጊዜ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ድሮን ስንት ግራም ይሸከማል?» የሚል ነው።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም አንድ ቁጥር ብቻ የያዘ መልስ የለውም። ለጭነት የተሠራ ድሮን ሲሆን አምራቹ ልኩን አስቀድሞ ይናገራል፤ ለምሳሌ የዲጄአይ ማትሪስ 300 አርቲኬ መግለጫ 2.7 ኪሎ ግራም የሚል ከፍተኛ የጭነት መጠን ይዟል። በአንጻሩ በ2016 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ፋንተም 4 ፕሮ በመግለጫው ላይ የሠፈረው የራሱ ክብደት፣ ማለትም ባትሪና ፕሮፔለሮችን ጨምሮ 1,388 ግራም፣ እንዲሁም 30 ደቂቃ ገደማ የሆነው ከፍተኛ የበረራ ጊዜ ነው። የተጨማሪ ጭነት ልክ አልተጻፈበትም። ድሮኑ የተሠራው የራሱን ካሜራ ብቻ ተሸክሞ እንዲበር ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚጫነው ሁሉ ለሌላ ዓላማ ከተቀመጠ መጠባበቂያ ላይ የሚቀነስ ነው።

ይህ ጉዳይ በኢትዮጵያ የተለየ ክብደት አለው። የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ማሳዎች ብዙዎቹ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በድሮን መግለጫዎች ላይ የሚነበበው የበረራ ጊዜ ግን ነፋስ በሌለበትና ምቹ በሆነ ሁኔታ የተለካ ነው። ተጠቃሚዎች ከቆላማ ወይም ከባሕር ዳርቻ አገሮች ልምድ የሚያገኙትን የጭነት ቁጥር በቀጥታ ወደ ደጋ ሲያመጡት፣ አጋሰስ በሜዳ የሚሸከመውን ዳገት ላይም ይሸከማል ብሎ እንደማሰብ ይሆናል።

2. የስሌቱ መነሻዎች

2.1 ለማንዣበብ የሚያስፈልግ ኃይል

ባለ አራት ፕሮፔለር ድሮን በአየር ላይ ቆሞ የሚቆየው አየርን ወደ ታች በመግፋት ነው። ወደ ታች የሚገፋው አየር የሚፈጥረው የማንሳት ኃይል ከድሮኑ ጠቅላላ ክብደት ጋር ሲተካከል ድሮኑ ያንዣብባል። በሄሊኮፕተር ሳይንስ ከቆየው የግፊት ንድፈ ሐሳብ እንደሚታወቀው፣ ለማንዣበብ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም። ክብደቱ በራሱ ዳግም ዘር ተባዝቶ በሚገኘው ውጤት ልክ ያድጋል። በሌላ አነጋገር ክብደት በ10 በመቶ ሲጨምር የኃይል ፍጆታ በ15 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ፍጆታው 2.8 እጥፍ ይሆናል። በተጨማሪም ፍጆታው ከአየር እፍግታ ዳግም ዘር ጋር ተገላቢጦሽ ዝምድና አለው፤ አየሩ በሳሳ ቁጥር ያንኑ ክብደት ለመያዝ የበለጠ ኃይል ያስፈልጋል።

2.2 የስሌቱ ታማኝነት

ይህ ዝምድና በገሃዱ ድሮን ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት፣ አምራቹ ከነጭነቱና ያለ ጭነት የበረራ ጊዜውን ያሳተመለትን ድሮን መመልከት ይጠቅማል። ዲጄአይ ማትሪስ 600 ፕሮ በአንደኛው የባትሪ ዓይነት 9.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ያለ ጭነት 32 ደቂቃ፣ 6 ኪሎ ግራም ተሸክሞ 16 ደቂቃ ያንዣብባል። ከላይ በተገለጸው ዝምድና ሲሰላ ከጭነት ጋር የሚገኘው ጊዜ 15.4 ደቂቃ ነው። በሌላኛው የባትሪ ዓይነት ክብደቱ 10 ኪሎ ግራም ሲሆን ያለ ጭነት 38 ደቂቃ፣ 5.5 ኪሎ ግራም ተሸክሞ 18 ደቂቃ ይቆያል፤ ስሌቱ የሚሰጠው 19.7 ደቂቃ ነው። በሁለቱም ጊዜ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ያነሰ ስለሆነ፣ ዝምድናው ለመስክ ዕቅድ የሚበቃ ግምት ይሰጣል ማለት ይቻላል።

2.3 የአየር እፍግታ

በመደበኛ ከባቢ አየር በባሕር ጠለልና በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ የአየር እፍግታ በአንድ ሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ግራም ነው። ከፍታ ሲጨምር ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ አየሩ ስለሚስፋፋ እፍግታው ይወርዳል። መደበኛውን የግፊት ስሌት ተከትሎ ለሦስት የኢትዮጵያ ሥፍራዎች የተገኘው እፍግታ በአንድ ሜትር ኩብ እንደሚከተለው ነው።

ሰመራ፣ 400 ሜትር ገደማ፣ በ35 ዲግሪ ሙቀት፦ 1.09 ኪሎ ግራም
አዲስ አበባ፣ 2,300 ሜትር፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፦ 0.91 ኪሎ ግራም
ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር ገደማ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፦ 0.87 ኪሎ ግራም

የሰመራው ቁጥር ልብ ሊባል ይገባዋል። ሥፍራው ዝቅተኛ ቢሆንም የቀኑ ሙቀት ብቻውን ከአየሩ እፍግታ ጉልህ ድርሻ ይወስዳል። በዚህም ምክንያት በቆላ የሚደረግ በረራ በመጽሐፍ ላይ ካለው የባሕር ጠለል በረራ ጋር እኩል ነው ተብሎ ሊወሰድ አይገባም።

3. ውጤት

3.1 የበረራ ጊዜ

በመጀመሪያ ድሮኑ ጭነቱን ማንሳት ይችላል ብለን ብንነሣ፣ በአየር ላይ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? የአምራቹን 30 ደቂቃ እንደ መነሻ በመውሰድ የተሰላው ውጤት በሠንጠረዥ 1 ቀርቧል።

ሠንጠረዥ 1፦ የፋንተም 4 ፕሮ ግምታዊ የበረራ ጊዜ

ያለ ጭነት፦ በባሕር ጠለል 30.0 ደቂቃ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ 25.9 ደቂቃ
100 ግራም፦ በባሕር ጠለል 27.0 ደቂቃ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ 23.3 ደቂቃ
200 ግራም፦ በባሕር ጠለል 24.5 ደቂቃ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ 21.1 ደቂቃ
300 ግራም፦ በባሕር ጠለል 22.4 ደቂቃ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ 19.3 ደቂቃ
500 ግራም፦ በባሕር ጠለል 18.9 ደቂቃ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ 16.3 ደቂቃ

እነዚህ ቁጥሮች ባትሪው እስኪያልቅ ያለውን ጊዜ የሚያሳዩ ናቸው። ለመመለሻና ለማረፊያ 30 በመቶ ባትሪ ቢቀር፣ በአዲስ አበባ ከፍታ 200 ግራም የተሸከመ ድሮን ለሥራ የሚቀረው ጊዜ 15 ደቂቃ ያህል ነው። ይህ በመግለጫው ላይ ከተጻፈው ጊዜ ግማሽ ነው። ሆኖም ሠንጠረዡን ብቻ የተመለከተ ሰው 500 ግራምም ቢሆን ከ16 ደቂቃ በላይ ይበራል ብሎ ሊደመድም ይችላል። ድምዳሜው የተሳሳተ ነው፤ ምክንያቱም የበረራ ጊዜ የሚነግረን የባትሪውን እንጂ የሞተሮቹን ወሰን አይደለም።

3.2 የማንሳት ኃይል መጠባበቂያ

የጭነት አቅም በእውነቱ የሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ልዩነት ነው። አንደኛው ሞተሮቹ ሊሰጡ የሚችሉት ከፍተኛ የማንሳት ኃይል ሲሆን፣ ሁለተኛው የድሮኑ የራሱ ክብደት ነው። ከልዩነቱ ላይ ደግሞ ድሮኑን ለመቆጣጠር የሚያስፈልገው መጠባበቂያ ይቀነሳል። ባለ አራት ፕሮፔለር ድሮን መሪም ሆነ ጅራት የለውም። ሚዛኑን የሚጠብቀው የአንዱን ሞተር ፍጥነት ከሌላው በመጨመር ወይም በመቀነስ ነው። ሞተሮቹ በሙሉ ኃይላቸው እየሠሩ ከሆነ ንፋስ ሲያጋድለው የሚጨምረው ነገር አይኖርም። በተጨማሪም ድሮኑ ወደ ፊት ለመሄድ ሲያጋድል ከማንሳት ኃይሉ ከፊሉ ወደ ጎን ስለሚውል፣ በ30 ዲግሪ ቢያጋድል ከፍታውን ላለመልቀቅ ብቻ 15 በመቶ ተጨማሪ የማንሳት ኃይል ይጠይቃል።

ለዚህ ስሌት ሁለት ታሳቢዎች ተወስደዋል። የመጀመሪያው የድሮኑ ከፍተኛ የማንሳት ኃይል በባሕር ጠለል የራሱን ክብደት ሁለት እጥፍ፣ ማለትም 2,776 ግራም ነው የሚል ነው። ይህ ለካሜራ ድሮኖች ንድፍ የተለመደ ምጥጥን ሲሆን፣ አምራቹ ለፋንተም 4 ፕሮ ከሰጠው የ6,000 ሜትር የከፍታ ጣሪያ ጋርም አይጋጭም። በ6,000 ሜትር የመደበኛው አየር እፍግታ ከባሕር ጠለሉ 54 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ሁለት እጥፍ የነበረው ኃይል እዚያ ከክብደቱ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ይሆናል። ሁለተኛው ታሳቢ ለማንዣበብ የሚውለው ከከፍተኛው የማንሳት ኃይል ከሁለት ሦስተኛው መብለጥ የለበትም የሚል ነው።

የአየር እፍግታ ሲቀንስ ከፍተኛው የማንሳት ኃይል በምን ያህል እንደሚወርድ የሚወሰነው ሞተሩን በሚገድበው ነገር ነው። ገደቡ የሽክርክር ፍጥነት ከሆነ የማንሳት ኃይሉ ከእፍግታው ጋር እኩል ይወርዳል። ገደቡ የኤሌክትሪክ ኃይል ከሆነ ግን በሳሳ አየር ውስጥ ፕሮፔለሩ ፈጥኖ መሽከርከር ስለሚችል፣ የማንሳት ኃይሉ ከእፍግታው ሣልስ ዘር ጋር ብቻ ይወርዳል። የገሃዱ ድሮን በእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል ይገኛል። በሠንጠረዥ 2 የመጀመሪያው «የጥንቃቄ ወሰን»፣ ሁለተኛው «የላይኛው ወሰን» ተብሏል።

ሠንጠረዥ 2፦ የፋንተም 4 ፕሮ ግምታዊ የተጨማሪ ጭነት አቅም

ባሕር ጠለል፣ 15 ዲግሪ፦ በሁለቱም ወሰን 460 ግራም
ሰመራ፣ 35 ዲግሪ፦ የጥንቃቄ ወሰን 260 ግራም፤ የላይኛው ወሰን 390 ግራም
አዲስ አበባ፣ 20 ዲግሪ፦ የጥንቃቄ ወሰን 0 ግራም፤ የላይኛው ወሰን 290 ግራም
ደብረ ብርሃን፣ 15 ዲግሪ፦ የጥንቃቄ ወሰን 0 ግራም፤ የላይኛው ወሰን 260 ግራም

የዚህ ጽሑፍ ዋና ፍሬ ነገር በሦስተኛው ረድፍ ላይ ይገኛል። ከባሕር ጠለል እስከ አዲስ አበባ ያለው የእፍግታ ልዩነት 26 በመቶ ገደማ ነው። የጭነት አቅሙ ግን በላይኛው ወሰን እንኳ በ37 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ በጥንቃቄ ወሰን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አየሩ ሲሳሳ የድሮኑ የራሱ ክብደት አብሮ አይቀንስም። ኪሳራው ሁሉ የሚያርፈው በትርፉ ላይ ነው። ደመወዙ በሩብ የተቀነሰበት ሰው የቤት ኪራዩ ካልቀነሰለት፣ የሚቀንሰው ከወር ወር የሚተርፈው ገንዘብ እንደሆነ ሁሉ፣ የድሮኑም ጉዳይ እንዲሁ ነው።

በጥንቃቄ ወሰን ዜሮ ሆነ ማለት ድሮኑ በአዲስ አበባ አይበርም ማለት አይደለም። ያለ ጭነት ሲበር በዚህ ወሰን የማንሳት ኃይሉ ከክብደቱ 1.5 እጥፍ ያህል ስለሆነ በሚገባ ይበራል። ትርጉሙ፣ ሊጫን የሚችል መስሎ የሚታየው ትርፍ ቀድሞውኑ ለቁጥጥር የሚያስፈልገው መጠባበቂያ ሆኗል ማለት ነው። ድሮኑ በጸጥታ አየር 300 ግራም አንሥቶ ሊታይ ይችላል፤ ችግሩ የሚገለጠው ንፋስ ሲነሣ ወይም በፍጥነት ሲወርድ እንዲቆም ሲታዘዝ ነው።

3.3 የጭነቱ አቀማመጥ

ጭነት በግራም ብቻ አይለካም፤ የት እንደታሰረም ይታያል። የፋንተም 4 ፕሮ ሰያፍ ስፋት 35 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ የፊትና የኋላ ሞተሮች ከመካከለኛው መስመር እያንዳንዳቸው 12.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃሉ። 200 ግራም የሚመዝን መሣሪያ ከክብደት ማዕከሉ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢታሰር፣ ከጠቅላላው 1,588 ግራም ውስጥ ሁለቱ የፊት ሞተሮች 875 ግራም ገደማ፣ ሁለቱ የኋላ ሞተሮች 713 ግራም ገደማ ይይዛሉ። ከሁሉ በፊት ወሰናቸው ላይ የሚደርሱት የፊቶቹ ናቸው። እነርሱን ከመጠን በላይ ከማሠራት አንጻር፣ ይህ 200 ግራም መሐል ላይ ከተቀመጠ 360 ግራም ጋር ይተካከላል።

ውጤቱን ከሠንጠረዥ 2 ጋር ማነጻጸር ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ 200 ግራም መሐል ላይ ቢቀመጥ ከላይኛው ወሰን ከ290 ግራም በታች ነው። ያው መሣሪያ በ5 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ወደ 280 ግራም ይጠጋል፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ግን ወሰኑን በግልጽ ያልፋል። ስለዚህ በሚዛን ላይ ምንም ሳይጨመር፣ የማሰሪያው ቦታ ብቻ ተቀባይነት ያለውን ጭነት ተቀባይነት ወደሌለው ሊለውጠው ይችላል።

4. ውይይት

ከላይ ያለው ስሌት በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት በሰብል ጥናት የታወቀውን ፓሮት ሴኮያ ካሜራ መውሰድ ይቻላል። ይህ ካሜራ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ የቀይ ጠርዝና ቅርብ ታሕተ ቀይ ብርሃንን ለየብቻ ስለሚመዘግብ የሰብልን ጤንነት ለመከታተል ያገለግላል። ካሜራው 72 ግራም፣ ከላይ የሚገጠመው የፀሐይ ብርሃን መለኪያ 35 ግራም ይመዝናሉ፤ በድምሩ 107 ግራም ነው። ለማቀፊያ፣ ለገመድና ለኃይል ምንጭ ሌላ 80 ግራም ቢታሰብ ጠቅላላው 190 ግራም ያህል ይሆናል። በደብረ ብርሃን አካባቢ የገብስ ማሳ ላይ ይህን ለማብረር የሚያስብ ተመራማሪ፣ ጭነቱ ከላይኛው ወሰን በታች ከጥንቃቄ ወሰን ግን በላይ መሆኑን ያገኛል። ስለዚህ ሥራው ፈጽሞ አይቻልም አይባልም፤ ሆኖም ጭነቱ መሐል ላይ መታሰር፣ በረራው በጸጥታ አየር መደረግና ማጋደሉ ዝቅተኛ መሆን ይኖርበታል። ማቀፊያውን በ30 ግራም ማቅለልም በባሕር ጠለል ከሚኖረው ዋጋ እጅግ የላቀ ጥቅም ይሰጣል።

ስሌቱ በቀጥታ ያላካተታቸው አራት ነገሮች አሉ፤ ሁሉም ወደ ጥንቃቄ የሚገፉ ናቸው።

የመጀመሪያው የባትሪው ቮልቴጅ ነው። ባትሪው እየቀነሰ ሲሄድ ቮልቴጁ ስለሚወርድ የፕሮፔለሩ ከፍተኛ ፍጥነትም ይወርዳል። የማንሳት ኃይል ከሽክርክር ፍጥነት ዳግም ርቢ ጋር ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ቢቀንስ የማንሳት ኃይሉ በ19 በመቶ ይቀንሳል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው መጠባበቂያው አነስተኛ የሚሆነው በበረራው መጨረሻ፣ ማለትም ድሮኑ ለማረፍ በሚመለስበት ሰዓት መሆኑን ነው። በደጋ ማለዳ ቅዝቃዜ የሊቲየም ባትሪ አቅም ስለሚደክም ችግሩ ይባባሳል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ጭነት ሲጨምር ሞተሮቹና የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሰሌዳዎቹ የበለጠ ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፤ የሚያቀዘቅዛቸው አየር ግን በደጋ የሳሳ ነው። በአጭር ሙከራ ያልታየ ችግር በረጅም በረራ ሊታይ ይችላል።

ሦስተኛው የጭነቱ ቅርጽ ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ ዕቃ ከፕሮፔለሮቹ ሥር ከዋለ ወደ ታች የሚገፋው አየር ራሱን ዕቃውን ስለሚጫነው ከሚዛኑ በላይ ይከብዳል። ከሆዱ ሥር የሚገኙትን የእይታና የርቀት መለኪያዎች ከሸፈነ ደግሞ ድሮኑ መሬቱ የቀረበ መስሎት ሊሳሳት ይችላል። በገመድ የተንጠለጠለ ጭነት እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል፤ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ በ2 ሰከንድ አንዴ ይመላለሳል። የድሮኑ መቆጣጠሪያ ግን ስለዚህ ውዝዋዜ የሚያውቀው ነገር የለም።

አራተኛው «ሌላ ባትሪ መጨመር» የሚለው መፍትሔ ነው። የፋንተም 4 ፕሮ ባትሪ 468 ግራም ይመዝናል። ሁለተኛ ባትሪ ቢታከልበት የኃይል ክምችቱ በእጥፍ ቢጨምርም፣ በባሕር ጠለል የሚገኘው ጊዜ 39 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ 100 በመቶ ተጨማሪ ክምችት 30 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ ሰጠ ማለት ነው። የባትሪው ክብደት ብቻውን የባሕር ጠለሉን የጭነት ወሰን ይሞላዋል። በደጋ አየር ደግሞ ከላይኛው ወሰንም በእጅጉ ያልፋል።

5. የመስክ ፍተሻ

ስሌት መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የአንድን ድሮን አቅም በሥራው ቦታ መፈተሽ ያስፈልጋል። ድሮኑን መሬት ላይ አስሮ በሙሉ ኃይል ማስነሣት አይመከርም፤ የመቆጣጠሪያ ሥርዓቱ መታሰሩን ስለማያውቅ ያልተጠበቀ ምላሽ ሊሰጥ ይችላል። የተሻለው መንገድ ደረጃ በደረጃ የሚደረግ የማንዣበብ ፍተሻ ነው።

አንደኛ፦ ድሮኑ፣ ባትሪውና መሣሪያው ከነማሰሪያው በወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይመዘናሉ። የመግለጫው ቁጥር ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛ፦ ሰው በሌለበት ክፍት ሜዳ፣ በዕለቱ ሥራው በሚከናወንበት ሰዓትና ሙቀት፣ ድሮኑ ያለ ጭነት በ2 ሜትር ከፍታ ለ3 ደቂቃ ያንዣብባል፤ የባትሪው የመቶኛ ለውጥ ይመዘገባል። በአዲስ አበባ ከፍታ በስሌቱ የሚጠበቀው በደቂቃ 3.9 በመቶ ያህል ነው።

ሦስተኛ፦ በእያንዳንዱ ዙር 50 ግራም እየተጨመረ፣ ሞተሮቹም እስኪበርዱ እየተጠበቀ፣ ያው ልኬት ይደገማል። በ200 ግራም የሚጠበቀው በደቂቃ 4.7 በመቶ ያህል ነው። የሚለካው ፍጆታ ከሚጠበቀው በግልጽ በልጦ ከተገኘ፣ ባትሪው ያረጀ ወይም ጭነቱ የአየሩን ፍሰት የሚያውክ መሆኑን ያመለክታል።

አራተኛ፦ የመቆጣጠሪያው ማስጠንቀቂያ ሲሰማ፣ ድሮኑ ቦታውን መጠበቅ ሲያቅተው ወይም ሲወርድ ለመቆም ሲዘገይ ፍተሻው ወዲያውኑ ይቆማል። የሥራ ጭነቱም ይህ ምልክት ከታየበት ክብደት ቢያንስ በሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ይወሰናል።

አምስተኛ፦ የመጨረሻው ዙር ባትሪው ከግማሽ በታች ሲሆን ይደገማል፤ መጠባበቂያው የሚያንሰው በዚያን ጊዜ ስለሆነ።

ውጤቱ ከሥፍራው ከፍታና ሙቀት ጋር ተመዝግቦ በጥናቱ የአሠራር ዘዴ ክፍል ቢካተት፣ በኋላ ለሚመጡ ተመራማሪዎች የባሕር ጠለል ቁጥሮችን ከመዋስ ያድናቸዋል። በኢትዮጵያ ድሮን ለማብረር አስቀድሞ የመንግሥት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ ተጨማሪ መሣሪያ የተጫነበት መሆኑንም በፈቃድ ጥያቄው ላይ ማሳወቅ ተገቢ ነው።

6. ማጠቃለያ

የካሜራ ድሮን የጭነት አቅም በድሮኑ ላይ ብቻ የተጻፈ ባሕርይ አይደለም። ድሮኑ፣ አየሩ፣ ባትሪውና የማሰሪያው ቦታ በአንድነት የሚወስኑት ቀሪ ሒሳብ ነው። ቀሪ ሒሳብ በመሆኑም በማንኛቸውም ላይ የሚደርስ መጠነኛ ለውጥ ውጤቱን ከመጠኑ በላይ ይለውጠዋል። በፋንተም 4 ፕሮ ላይ እንደታየው በባሕር ጠለል ግማሽ ኪሎ ግራም ለሚጠጋ ጭነት የሚበቃው ትርፍ፣ በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን አየር ሁለትና ሦስት መቶ ግራም ላይ አጠያያቂ ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነጥቦችን ማስገንዘብ ይቻላል። በደጋ የሚሠራ ተመራማሪ ከ100 ግራም ብዙም ያልራቀ፣ መሐል ላይ የታሰረ መሣሪያ ይዞ ቢነሣ በመጠኑ አስተማማኝ ይዞታ ላይ ይሆናል፤ ይህም ቢሆን በመስክ ከተፈተሸ በኋላ ነው። ከ200 ግራም በላይ የሚጠይቅ ጥናት ከጅምሩ የጭነት ልኩ በአምራቹ የተገለጸለትን ድሮን በኪራይም ሆነ በትብብር ማፈላለግ ይኖርበታል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚቀድመው፣ ጭነት የታከለበት ድሮን በምንም ምክንያት ከሰው በላይ መብረር የለበትም። መጠባበቂያውን ጨርሶ የሚወድቅ ድሮን የሚያጠፋው የአንድ ወቅት መረጃ ብቻ ላይሆን ይችላልና።